ስማርት ሰዓት በደጋ ሰው እጅ ላይ

ስማርት ሰዓትና በአካል ላይ የሚለበሱ ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ለዕለት ተዕለት ኑሮ ይጠቅማሉ ወይስ አይጠቅሙም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው መሣሪያዎቹ በተሠሩባቸው አገሮች ኑሮ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በእነዚያ አገሮች ብዙው ሰው ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ በመኪና የሚሄድ፣ ለባሕር ጠለል በቀረበ ዝቅተኛ ምድር የሚኖርና የልቡ ምት ቢዛባበት በቀላሉ ሐኪም ዘንድ የሚደርስ ነው። ያው መሣሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በመካነ ሰላም ከተማ፣ ወይም በዙሪያዋ ባሉት በቦረና፣ በአማራ ሳይንት፣ በለጋምቦና በመቅደላ ደጋዎች በሚኖር ሰው እጅ ላይ ሲታሰር ግን የሚያሳየው ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ትርጉሙ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ ትምህርት የሚያተኩረው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ አንደኛው መሣሪያው የሚለካውን ነገር ከማን አካል ልክ ጋር እያነጻጸረ እንደሚፈርድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቁጥሩ ከታየ በኋላ እርሱን ተቀብሎ የሚሠራበት ማን እንደሆነ ነው።

በአካል ላይ የሚለበስ ቴክኖሎጂ ሲባል ስማርት ሰዓት ብቻ ሳይሆን የእጅ አምባር የሚመስሉት ቀጫጭን መለኪያዎች፣ የጣት ቀለበቶችና በክንድ ላይ የሚለጠፉት የስኳር መከታተያዎች ጭምር ይጠቃለላሉ። ብዛታቸው ቢያስደንቅም በሰዓቶቹ ውስጥ ያሉት ዋና ዋና የመለኪያ ስልቶች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው አክስለሮሜትር የሚባለው እጅግ ትንሽ ክፍል ሲሆን ሥራው የእጅን እንቅስቃሴ ፍጥነት ለውጥ ማወቅ ነው፤ ሰዓቱ እርምጃ ቆጠርኩ ሲል በእውነቱ የቆጠረው የእጅን ውዝዋዜ ነው። ሁለተኛው በሰዓቱ ጀርባ የሚበራው አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር በቆዳ ሥር ያለው ደም ሲጨምር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ መሣሪያውም ይህን መጨመርና መቀነስ እየቆጠረ የልብን ምት ያወጣል። የደም ኦክስጅንን ለመለካት ግን ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ከቀይ በታች ያለ ብርሃን ያስፈልጋሉ፤ ኦክስጅን የተሸከመና ያልተሸከመ ደም እነዚህን ሁለት ብርሃኖች የሚውጡበት መጠን ይለያያልና። ይህን ስልት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያገኙት ታኩኦ አዮያጊ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበሩ። ሦስተኛው ከሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ቦታን የሚያውቀው ጂፒኤስ ነው።

ከእርምጃ ቆጠራው እንጀምር ቢባል፣ በደጋው ኑሮ ውስጥ የመሣሪያው ድክመት ጎልቶ የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። ገበሬ በሬ ጠምዶ ሲያርስ በአንድ እጁ እርፉን ተጭኖ ይይዛል፣ በሌላው ጅራፉን ያነሣል፤ እርፍ የያዘው እጅ እንደ መንገደኛ እጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለማይወዛወዝ ሰዓቱ በዚያ በኩል ቢታሰር ከእርምጃው ብዙውን ይዘነጋል፣ ጅራፍ በያዘው እጅ ላይ ቢታሰር ደግሞ ያልተራመደውን ሊቆጥር ይችላል። እንስራ አዝላ ከምንጭ የምትመለስ ሴት ገመዱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ትይዛለች፤ ከባዱን ሸክም ተሸክማ አቀበቱን ስትወጣ ሰዓቱ የቆመች ያህል ሊመስለው ይችላል፣ ቤቷ ገብታ ተቀምጣ እህል ስታበጥር ወይም በሙቀጫ ስትወቅጥ ግን የተራመደች ሊመስለው ይችላል። ወንፊት፣ እንዝርትና ሙቀጫ የመሣሪያው ሠሪዎች ካሰቧቸው እንቅስቃሴዎች ውጭ ናቸው።

የእርሻው ድካም ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በማረሻ የሚወጣው ትልም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረው፣ አንድ ሄክታር መሬት አንድ ጊዜ ብቻ ለማረስ 40 ኪሎ ሜትር መሄድ ግድ ይላል፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን ያርሰዋል ተብሎ የሚገመተው አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ማለት ነው። ይህም በታረሰ አፈር ውስጥ፣ እርፍ እየተጫኑ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል። እንዲህ ለሚኖር ሰው በቂ ተንቀሳቅሰሃል ወይስ አልተንቀሳቀስክም ብሎ የሚነግር መሣሪያ የሚጨምርለት እውቀት የለም።

ስማርት ሰዓቶች ብዙ ጊዜ እንደ ግብ የሚያስቀምጡት 10,000 እርምጃ ራሱ ከሕክምና ጥናት የተገኘ ቁጥር አይደለም። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት የ1964 (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ኦሊምፒክ በጃፓን የአካል እንቅስቃሴ ፍላጎትን አነሣሥቶ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ ስሙ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት የሆነ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ፣ ቁጥሩም ከዚያ ወዲያ በየአገሩ ተሰራጨ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16,000 የሚበልጡ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው በቀን 4,400 እርምጃ ያህል የሚሄዱት 2,700 ያህል ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ ሲሆን፣ ጥቅሙ ከ7,500 እርምጃ በኋላ ብዙም አልጨመረም። ይህ ለደጋው ገበሬ ሳይሆን በመካነ ሰላም ከተማ ቢሮ ወይም ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል፣ ቀድሞ በእግሩ የሚሄደውን መንገድ ዛሬ በባጃጅ ለሚጓዝ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም አለብህ ለተባለ ሰው የሚያጽናና ዜና ነው፤ ለእርሱ የእርምጃ ቆጣሪ ቢሳሳትም እንኳ ከራሱ የትናንት ቁጥር ጋር የሚያነጻጽርበት መስታወት ይሆነዋል። ሆኖም መስታወት ብቻውን ኑሮን አይለውጥም፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የአሜሪካ ጥናት ክብደት ለመቀነስ በተመዘገቡ 471 ወጣቶች መካከል ለሁለት ዓመት ሲታዩ፣ መለኪያ የተሰጣቸው በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ መለኪያ ያልተሰጣቸው 5.9 ኪሎ ቀንሰዋል። ስንት ካሎሪ ተቃጠለ የሚለው የሰዓቱ ግምት ደግሞ ጨርሶ የሚታመን አይደለም፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከተፈተኑት 7 መሣሪያዎች ስድስቱ የልብ ምትን በጥሩ ሁኔታ የለኩ ቢሆንም፣ የጉልበት ወጪን ሲለኩ ከሁሉም የተሻለው እንኳ 27 በመቶ ተሳስቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለደጋው ሰው ትልቁ ጉዳይ የኦክስጅን ቁጥሩ ነው፤ በሰፊው ሊታይም ይገባዋል። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ በመካነ ሰላም ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። የኦክስጅን ሙሌት የሚባለው በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከመቶ ስንት እጁ ኦክስጅን እንደያዘ የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ በዝቅተኛ ቦታ ለሚኖር ጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ከጅዳ ወይም ከሪያድ የተመለሰ ዘመድ በስጦታ ያመጣው ሰዓት ጅዳ ላይ 98 ሲያሳይ የነበረ ቢሆንና መካነ ሰላም ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይ፣ ሰዓቱም አልተበላሸም፣ ሰውየውም አልታመመም፤ ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋ የወጣ አካል የሚያሳየውን አሳየ እንጂ።

በደጋው ተወልዶ ያደገ ሰውስ? በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ በዓለም ሳይንስ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዊቷ ተመራማሪ በሲንቲያ ቢል የተመራና ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ያለበት ቡድን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 የአማራ ደገኞችን መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን እጅግ በማብዛት ሲሆን፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ብሎ ይኖራሉ። የኢትዮጵያ ደገኞች ግን ከሁለቱም አልተመሳሰሉም፤ አማካይ ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች በዴሲሊትር 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም፣ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው ደግሞ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙ የማይርቅ ልክ ነው። አካሉ ይህን እንዴት እንደሚያደርገው ገና ሙሉ በሙሉ አልታወቀም፤ በዘር ውርስ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ቀጥለዋል። ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው፦ በደጋ የሚኖር ሰው ቁጥሩ ዝቅ ቢል ከፍታው ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፣ የሌላ ተራራ ሰዎች ልክም ለእርሱ ልክ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ሳንባ ምች በያዘው ሰው ላይ ከ90 በመቶ በታች የሆነን ሙሌት የከባድ ሕመም ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ በ2600 ሜትር ላይ የሚኖር፣ ሳልና ትኩሳት ያለበት ሰው ወደዚህ ቁጥር ከቀረበ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።

በእርግጥ ሰዓቱ ያሳየው 90 እውነተኛ 90 መሆኑ ራሱ መጠየቅ አለበት። በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) በታላቁ የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ኦክስጅናቸው ከ92 እስከ 96 የሆነ ሕሙማን ደማቸው በቀጥታ ሲመረመር ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ 3.6 በመቶ ሲሆን ከጥቁሮቹ ግን 11.7 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የሆነው በሆስፒታል ደረጃ በተሠራ መሣሪያ ነው፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ርካሽ ሰዓት ከዚህ ይሻላል ተብሎ የሚታመንበት ምክንያት የለም። የልዩነቱ ምክንያት በቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ብርሃኑን ከደሙ ጋር ተሻምቶ መዋጡ ነው። የንቅሳት ቀለምም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሰዓት ሠሪዎች ራሳቸው በንቅሳት ላይ ሲታሰር ሊሳሳት እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ፣ እጇን የተነቀሰች እናት ያላት ልጅም ይህን ማወቅ አለባት። በዚህ ላይ ብርዱ አለ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ውርጭ በወደቀበት ሰዓት፣ አካል ሙቀቱን ለመቆጠብ የእጅን የደም ሥሮች ያጠብባል፣ ብርሃኑ የሚያየው ደምም ያንሳል፤ ስለዚህ መለካት የሚገባው ከጋቢ ውስጥ እጅን አሙቆ፣ አረፍ ብሎ፣ ሳይንቀሳቀሱ ነው።

የልብ ምት መዛባትን ማግኘት ስማርት ሰዓት ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የከበረው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ የላይኛው ክፍል ሥርዓት አጥቶ የሚንቀጠቀጥበት ሕመም ሲሆን፣ በዚያ የሚረጋ ደም ወደ አንጎል ተጉዞ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ በወጣው የአፕል የልብ ጥናት 419,297 ሰዎች በሰዓታቸው አማካይነት ክትትል ሲደረግላቸው፣ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በደረት የሚለጠፍ መመርመሪያ ተልኮላቸው መልሰው ከላኩት 34 በመቶው ላይ ሕመሙ ተረጋገጠ። ይህ ለአረጋውያን ትልቅ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ግን የልብ ምት መዛባት ከአረጋውያን አልፎ ወጣቶችንም ይይዛል፤ በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብን ቫልቭ የሚጎዳውን ሪዩማቲክ የልብ ሕመም ያስከትላልና። የቶንሲል ሕመም ያለበትን ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ይህን አደጋ አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ፔኒሲሊን ነው። ሰዓቱ የቫልቩን መጥበብ አያይም፣ የሚያየው ምቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ወጣት ሴት ስትሠራ ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ሰዓቷ ዝም ማለቱ ሊያረጋጋት አይገባም፣ በተለይም ካረገዘች።

ሰዓቱ ቢያስጠነቅቅስ ቀጥሎ ምን ይሆናል? ይህ የሁለተኛው ጥያቄ ቦታ ነው። ከ1995 ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በየቀበሌው ጤና ኬላና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ ከእርሷ በላይ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም የመካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ደሴ አለ። ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው በዚህ መሰላል ላይ የሚቀበለው ሲኖር ነው፤ የልብ ኤሌክትሪክ መመርመሪያ የሚያነሣ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አዝዞ በየጊዜው የሚከታተል ባለሙያ ከሌለ የሰዓቱ ንዝረት ጭንቀት ብቻ ጨምሮ ይቀራል። በአንጻሩ ቀድሞ ልቡ እንደሚታመም የሚያውቅና ሆስፒታል ክትትል ያለው ሰው፣ ሰዓቱ በሳምንት ውስጥ የመዘገበውን የምት መጠን ይዞ ቢቀርብ ሐኪሙ በአንድ ቀን ምርመራ የማያገኘውን መረጃ ይሰጠዋል። መሣሪያው በእንዲህ ያለው ሰው እጅ ላይ ዋጋውን ይመልሳል።

ከጥቅሙ ጎን ለጎን በገበያው ላይ ያለ አንድ ማታለል በግልጽ መነገር አለበት። ቆዳ ሳይበሱ የደም ስኳርን እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችና ቀለበቶች ይሸጣሉ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ያለ አንድም መሣሪያ እንዳልፈቀደ አስታውቋል። በክንድ ላይ የሚለጠፉት እውነተኛ የስኳር መከታተያዎች ከቆዳ ሥር የሚገባ ቀጭን ክር አላቸው፤ ከእርሱ ውጭ ብርሃን እያበራ ስኳርህ ይህን ያህል ነው የሚል ሰዓት ቁጥሩን ፈጥሮ የሚያወጣ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ቁጥር አምኖ መጠኑን ቢጨምር ስኳሩ ወርዶ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። የደም ግፊትም ቢሆን በክንድ ላይ በሚነፋው መለኪያ በየጊዜው ካልተስተካከለ በሰዓት የሚገኘው ግምት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰዓት በእጁ ያለ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የጤና ባለሙያዎች አጥብቀው ሊነግሩት ይገባል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን የመቆጣጠር ሥልጣን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል፤ ሰዓት ሻጭ የሕክምና ተስፋ ሲሰጥ ጉዳዩ ከጌጥ ንግድ ወጥቶ ወደዚህ ሕግ ይገባል።

ሰዓት ጊዜን ማሳየቱስ? የደጋው ሰው ጊዜን ያወቀው ሰዓት ከመምጣቱ እጅግ ቀድሞ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ቆመው የጥላቸውን ርዝመት በእግራቸው እየለኩ የቀኑን ሰዓት ያወጣሉ፣ ሙአዝኑ ፀሐይ ከመሀል ሰማይ ማዘንበሏን አይቶ የዙህርን ሶላት ይጠራል። ስማርት ሰዓት ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር፣ ከማለዳ ለሚቆጥር ሕዝብ አስቸጋሪ ነው። ለዚህ ብዙ ሰው የማያውቀው ቀላል መፍትሔ አለ፦ የአርጀንቲና ዋና ከተማ የቦነስ አይረስ ሰዓት ከኢትዮጵያ ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ በሰዓቱ ላይ እንደ ሁለተኛ ከተማ ቦነስ አይረስን የመረጠ ሰው ኢትዮጵያውያን እንደሚቆጥሩት ጠዋት ሦስት ሰዓትን እንደ ሦስት ያነባል፤ ዋናውን ሰዓት ግን መለወጥ አይገባም፣ የእንቅልፍና የመልእክት መዝገብ ይዛባልና። ለሙስሊሙ ደግሞ በእጅ አንጓ ላይ የሚንቀጠቀጠው የሶላት ማስታወሻ ሌሎችን ሳይቀሰቅስ ለፈጅር ያነቃል፤ አቅጣጫ ጠቋሚውም ከመካነ ሰላም መካ በቀጥታ ወደ ሰሜን ለማለት በሚቀርብ አቅጣጫ፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች መሆኗን ያሳያል። መስማት ለተሳነው ሰው ይኸው ንዝረት ከሁሉም ይበልጣል፤ ስልኩ ሲጠራና ማንቂያው ሲደርስ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ ብዙም የለውምና።

መብራት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበውና በብዙ ሰው እጅ ላይ የታየው ትንሹ ካሲዮ ሰዓት በአንድ ባትሪ ሰባት ዓመት ያህል ይሠራል፤ አፕል ለሰዓቱ ለረጅም ጊዜ ሲናገር የኖረው የ18 ሰዓት የባትሪ ዕድሜ ነው፣ ርካሾቹ አምባሮች አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ቤቱ በሶላር ፋኖስ ብቻ በሚበራበት ቀበሌ በየማታው ቻርጅ የሚጠይቅ መሣሪያ ለባለቤቱ ሌላ ሥራ ይጨምራል። መረቡም እንዲሁ ነው፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ሰው ያውቃል፣ አዲስ ሰዓትን ለማስመዝገብና ለማደስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ፊደላችን ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ፊደሉ ያልተጫነባቸው ሰዓቶች የአማርኛ መልእክት ሲደርሳቸው ባዶ አራት ማዕዘኖችን ይደረድራሉ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህም የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ሰዓቱ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው።

በአካል ላይ የሚለበስ መሣሪያ ጥቅሙ ያለ ጥርጥር የተረጋገጠበት አንድ ቦታ ከሰው ውጭ ነው። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ፤ በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ብዛት በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ተራሮች ተመትቶ እግሩ የተሰበረ ቀይ ቀበሮ ታክሞ ከዳነ በኋላ ተረፈ ተብሎ ተሰይሞ፣ በአንገቱ ላይ ቦታውን የሚያስታውቅ ጂፒኤስ ታስሮለት ወደ ዱር ተለቅቋል። ከጂፒኤሱ የሚመጣው መረጃ የሚጠቅመው በየቀኑ የሚያነብበውና ቀበሮው ከመንደር ውሻ ጋር ቢቀላቀል ወይም ቢታመም ተነሥቶ የሚሄድ ጠባቂ ስላለው ነው።

ሰው ግን በማን እንደሚታይ የማወቅ መብት አለው። ስትራቫ የተባለው የሩጫ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መንገዶች በአንድ የዓለም ካርታ ላይ ካወጣ በኋላ፣ በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ምሥጢር ተብለው የነበሩ የጦር ሰፈሮች በወታደሮች የሩጫ ዱካ ተለይተው ታዩ። ሰላም በራቀበት አካባቢ የአንድ ሰው የሌት መንገድና ማደሪያ በማያውቀው አገር ኮምፒውተር ላይ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጂፒኤሱን ሲያስፈልግ ብቻ መክፈት፣ ለመተግበሪያው የቦታ ፈቃድን መንፈግ የሚቻል ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ለመጠበቅ ሲወጣ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ጋር መድቦታል፤ ሕጉ ግን መረጃው ከአገር ከወጣ በኋላ የሚከተለው በብዙ ድካም ነው።

በየሰው እጅ ሰዓት ከማሰር በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ በአካባቢው አቅም ውስጥ ያለ ነው። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከመካነ ሰላም ሆስፒታል ጋር ሆኖ፣ ከዓባይ ሸለቆ ቆላ አንሥቶ እስከ ለጋምቦ ውርጭ ድረስ በተለያየ ከፍታ የሚኖሩ ጤነኛ ሕፃናት፣ እርጉዞችና አረጋውያን የኦክስጅን ሙሌትና የዕረፍት የልብ ምት ስንት እንደሆነ በታመነ የጣት መለኪያ፣ በማለዳም በቀትርም፣ ሊለካ ይችላል። ልኬቱ ሲጠናቀቅ ለየከፍታው የሚጠበቀውን ቁጥር የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ፣ ከሠንጠረዡ አጠገብም በወር አንድ ጊዜ የሚፈተሽ አንድ የጣት መለኪያና አንድ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ ሊቀመጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከጅዳ በመጣ ሰዓት ላይ 89 አይቶ የደነገጠ ሰው ሰዓቱን እንዳሰረ ወደ ጤና ኬላ ይሄዳል፣ ኤክስቴንሽኗም ሰዓቱን ከታመነው መለኪያ ጋር አስተያይታ ሰውየው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ ወይስ ሰዓቱ ይውለቅ የሚለውን ትወስናለች።